ለዛልማር ስንት አማኝ ይበቃታል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው ልብ ወለድ እየጻፉ ነው፤ ታሪኩ የሚሆነው «ዛልማር» ባሏት የፈጠራ አገር ውስጥ ነው። ሕዝቧ 20 ሚሊዮን ሲሆን ኮሚኒስቶች ሥልጣን ከያዙ 35 ዓመት ሆኗቸዋል። ከአብዮቱ በፊት 60 ከመቶው ኦርቶዶክስ ነበር፣ የንጉሡም ሃይማኖት ይኸው ነበር። 25 ከመቶው በደቡብ ቆላ የሚኖር፣ የራሱ ቋንቋ ያለው ሙስሊም፣ 15 ከመቶው ደግሞ የሰሜን ተራሮች ካቶሊክ ነበር። አሁን ግን «85 ከመቶ ሃይማኖት የለሽ፣ 10 ከመቶ ኦርቶዶክስ፣ 5 ከመቶ ሙስሊም፤ ካቶሊኮቹ ጠፍተዋል» ብለው ጽፈዋል። አንባቢ ያምነኛል ወይ ነው የሚሉት።

የሚያውቅ አንባቢ አያምንዎትም። 85 ከመቶ የሚባል ነገር ስለሌለ አይደለም፤ ከዚያ የሚበልጥም አለ፣ እመጣበታለሁ። ችግሩ ቁጥሩ ባለቤት የለውም። ማን ቆጠረ? በምን ቃል ተጠየቀ? «አዎ፣ አምናለሁ» ያለው ሰውዬ በማግሥቱ ምን ገጠመው? በኮሚኒስት አገር የሃይማኖት አኃዝ አንድ ሆኖ አያውቅም። ሰው ቅጽ ይዞ በር ላይ ለቆመ የመንግሥት ሠራተኛ የሚናገረው አለ፤ ልጅ ሲወለድለት፣ ሲያገባና ሬሳ ሲያወጣ የሚያደርገው ደግሞ ሌላ አለ። እርስዎ ደራሲው ሁለቱንም ማወቅ አለብዎት፤ ገጸ ባሕርያትዎ ግን አንዱን ብቻ ቢያውቁ ይሻላል።

ለዚህ ከሶቪየት ኅብረት የ1937 ቆጠራ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። (የውጭ አገሮቹን ዓመታት እንደ አውሮፓ፣ የአገራችንን እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።) አብዮቱ 20 ዓመት ሊሞላው ነው። አብያተ ክርስቲያናት በገፍ ተዘግተዋል፣ ብዙ ቀሳውስት ተገድለዋል ወይም ግዞት ወርደዋል፣ እምነትን ለማጥፋት የተቋቋመው ማኅበር በወረቀት ላይ በሚሊዮን የሚቆጠር አባል አለው። ስታሊን ራሱ የቆጠራውን ቅጽ አርሞ የሃይማኖት ጥያቄ አስገባበት። ዕድሜው ከ16 ያላነሰ ሁሉ አማኝ መሆን አለመሆኑን፣ አማኝ ከሆነም ሃይማኖቱን እንዲናገር ማለት ነው። ምን እንደተጠበቀ ግልጽ ነው። ቆጠራው የተካሄደው ጃንዋሪ 6 ነበር፤ በሩሲያ ኦርቶዶክስ አቆጣጠር የገና ዋዜማ።

ሰው ተጨነቀ። አማኝ ነኝ ብሎ የተመዘገበ ይለቀማል የሚል ወሬ ተናፈሰ። ተቃራኒውም ተወራ፦ ብዙ ሰው አማኝ ነኝ ካለ የተዘጋው ቤተ ክርስቲያን ይከፈታል። ውጤቱ ሲደመር ከ98 ሚሊዮን ተጠያቂዎች 55 ሚሊዮኑ፣ ማለትም 56 ከመቶ ያህሉ፣ በስታሊን ዘመን፣ ያውም በ1937፣ አማኞች ነን ብለው አረፉት። ማንበብና መጻፍ ከማይችሉት ውስጥ ከአሥሩ ከስምንት በላይ፣ ከሚችሉትም ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው። ቆጠራው ታፈነ። ያሳፈነው ሃይማኖት ብቻ አልነበረም፤ ጠቅላላው ሕዝብ 162 ሚሊዮን ብቻ ሆኖ መገኘቱ፣ በይፋ ሲነገር ከነበረው በብዙ ሚሊዮን ማነሱ፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት የነበረው ረሃብ የፈጀውን ሕዝብ አጋለጠ። የቆጠራው ቢሮ ኃላፊ ኦሊምፒ ክቪትኪን በዚያው ዓመት ተረሸነ። በ1939 እንደገና ሲቆጠር የሃይማኖት ጥያቄ ከቅጹ ወጥቷል፤ ሶቪየት እስኪፈርስም አልተመለሰም።

ስለዚህ ዛልማር ውስጥ 85 የሚለው ቁጥር ይኑር፣ ግን ከቆጠራ የመጣ አይሁን። ከፓርቲው የፕሮፓጋንዳ ክፍል የወጣ፣ በየበዓሉ ንግግር የሚጠቀስ፣ ምንጩን ጠይቆ የማያውቅ ሁሉ የሚደግመው ይሁን። እውነተኛው ቆጠራ ከተደረገ ደግሞ ውጤቱ መሳቢያ ውስጥ ይቆለፍ።

አሁን ወደዚያ ከ85 የሚበልጠው አገር ልመለስ። ቬትናም በ2019 ስትቆጠር 86 ከመቶው ሕዝብ ሃይማኖት የለኝም አለ። ካቶሊክ 6 ከመቶ፣ ቡድሂስት 5 ከመቶ እንኳ አልሞላም። ይህን አይቶ ቬትናም የእምነት የለሾች አገር ናት የሚል ሰው አንድም የቬትናም ቤት አልገባም ማለት ነው። ከቤቱ የተከበረው ቦታ ላይ የሟች አያቶች ፎቶግራፍ ተደርድሯል፤ ከፊቱ ፍራፍሬ፣ ውሃ በብርጭቆ፣ የዕጣን ማስቀመጫ። በጨረቃ ወር 1ኛና 15ኛ ቀን ዕጣን ይጨሳል፤ የሙት ዓመት ሲደርስ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ይበላል፣ ለሟቹም ድርሻው ይቀርብለታል። ቆጠራው ግን የሚመዘግበው የታወቁ ሃይማኖቶችን ተከታይ ነው። ለአባቶቹ ዕጣን የሚያጨሰው ሰው እዚያ ዝርዝር ውስጥ ቦታ የለውምና «የለኝም» ይላል። አልዋሸም። እርስዎ የዛልማርን ገጠር በሦስት ሃይማኖት ከፋፍለው ሲጨርሱ ምንጩን፣ ዛፉን፣ ጠንቋዩንና የሙታን መንፈስን ረስተዋል። እነዚህ የሌሉበት ገጠር የለም፤ ኮሚኒስት መንግሥታትም ከቤተ መቅደስ ይልቅ እነሱን ለማጥፋት ነው የተቸገሩት፣ የሚዘጋ በር የላቸውማ።

ከአኃዞችዎ ሁሉ የባሰው ግን የሙስሊሞቹ ነው። ከ25 ወደ 5 ሊወርዱ አይችሉም። ምክንያቱን ራስዎ ጽፈውታል፤ የራሳቸው ቋንቋና አገር ያላቸው ሕዝብ ናቸው። ሃይማኖት ከብሔር ጋር አብሮ ከተሰፋ፣ ጸሎት የተወ ሰው እንኳ ከመዝገቡ አይወጣም። ቻይና በሕዝብ ቆጠራዋ ሃይማኖት አትጠይቅም፤ በ2018 መንግሥት ይፋ ያደረገው 20 ሚሊዮን የሚለው የሙስሊሞች ቁጥር የሚሰላው ሁዊንና ኡይጉርን ጨምሮ ሙስሊም ተብለው የሚታወቁ 10 ብሔረሰቦችን በመደመር ነው። መስጊድ ረግጦ የማያውቅ የሁዊ ኮሚኒስት እዚያ ውስጥ አለ፤ ሰልሞ የሚሰግድ ሃን ቻይናዊ (ከብዙኃኑ ብሔር) ግን የለም። በሶቪየት ማዕከላዊ እስያም የፓርቲው ጸሐፊ በስብሰባ ላይ ሃይማኖትን ያወግዛል፣ ቮድካውን ይጠጣል፤ ልጁን ግን ያስገርዛል፣ አባቱንም በእስልምና ሥርዓት ይቀብራል። ይህን ሰውዬ በየትኛው ዓምድ ይጽፉታል?

በዚያ ላይ ወሊድ አለ፤ ደራሲዎች ሁልጊዜ የሚረሱት እሱን ነው። ከ1959 እስከ 1979 ባሉት የሶቪየት ቆጠራዎች የማዕከላዊ እስያ ሕዝቦች ከሩሲያውያኑ በብዙ እጥፍ ፍጥነት ነው ያደጉት። ለዛልማር እንሞክረው። አብዮቱ ሲመጣ ሕዝቡ 13 ሚሊዮን ነበር እንበል። ሙስሊሞቹ 3.25 ሚሊዮን ናቸው፤ በዓመት 2 ከመቶ ቢያድጉ በ35 ዓመት 6.5 ሚሊዮን ይሆናሉ። የተቀረው 9.75 ሚሊዮን በዓመት 1 ከመቶ ቢያድግ 13.8 ሚሊዮን ይደርሳል። ድምሩ 20.3 ሚሊዮን ነው፣ እርስዎ ካሰቡት ብዙም አልራቀም። አሁን በትውልድ ሲሰላ ኦርቶዶክስ 54፣ ሙስሊም 32፣ ካቶሊክ 14 ከመቶ ሆነ። አንድም ሰው እምነቱን ሳይቀይር የአገሪቱ መልክ ተቀየረ። በዋና ከተማዋ ያሉት የፓርቲ ሽማግሌዎች ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳቸው ይኼኛው ቁጥር ነው እንጂ የጥምቀቱ አይደለም።

ሙስሊሞቹ አብዮቱን መጀመሪያ ላይ በደስታ ተቀብለውት ሊሆን እንደሚችልም አይርሱ። ኦርቶዶክስ የንጉሡ ሃይማኖት ከነበረ ለነሱ ንጉሡ መውረዱ እኩልነት ነው። የእኛን አገር ያስታውሱ፦ መውሊድ፣ ኢድ አልፈጥርና አረፋ ብሔራዊ በዓል የሆኑት በ1967 ዓ.ም. በደርግ ነው።

ወደ ክርስቲያኖቹ ልሂድ። በአንድ ዓይነት አገዛዝ ሥር አንዱ ሕዝብ እምነቱን ሲጥል ሌላው ሲያጠብቅ ለምን ይሆናል የሚለውን ለማየት ጎረቤታሞቹን ምሥራቅ ጀርመንንና ፖላንድን ማነጻጸር ይበቃል። ምሥራቅ ጀርመን በ1950 ስትቆጠር ሃይማኖት የለኝም ያለው 8 ከመቶ ገደማ ነበር። በ1964 ወደ 32 ከመቶ ደረሰ። አገዛዙ ሲያበቃ ደግሞ ከሕዝቡ ሁለት ሦስተኛ በላይ የሚሆነው ከማንኛውም ቤተ ክርስቲያን ውጭ ነበር፤ ከዚያ ወዲህም አልተመለሰም። ይህ የሆነው በጅምላ ርሸና አይደለም። ከ1955 ጀምሮ ለ14 ዓመት ልጆች «ዩገንድቫይኸ» የሚባል የመንግሥት ሥነ ሥርዓት ተዘጋጀ፤ ልጁ ለሶሻሊዝም ቃል ይገባል፣ አበባና መጽሐፍ ይሰጠዋል፣ ቤተሰቡ ድግስ ይደግሳል። ፕሮቴስታንቶቹ ልጆቻቸውን በቤተ ክርስቲያን የሚያጸኑት በዚያው ዕድሜ ነበር። አሻፈረኝ ያለ ልጅ አይታሰርም፤ ወደ ከፍተኛ ትምህርት ሊያስገባው የሚችለው በር ግን ይጠብበታል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከታዳጊዎቹ አብዛኞቹ እዚያ አዳራሽ ገቡ። እናትና አባት ያሰቡት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጃችን ዩኒቨርሲቲ ይግባ።

ፖላንድ ግን ካቶሊክ ሆና ዘለቀች። እዚህ ላይ ግን ሁለት ነገር ይለዩ። ፖላንድ ከ90 ከመቶ በላይ ካቶሊክ የሆነችው በጸሎቷ ብዛት አይደለም። በ1931 ቆጠራ የሮማ ካቶሊኩ 65 ከመቶ ነበር፤ የቀረው ግሪክ ካቶሊክ፣ ኦርቶዶክስ፣ አይሁዳዊ፣ ፕሮቴስታንት። አይሁዶቹን ናዚዎች ፈጇቸው፣ ድንበሩ ወደ ምዕራብ ተገፋ፣ ከዩክሬናውያኑና ከቤላሩሳውያኑ አብዛኞቹ በሶቪየት በኩል ቀሩ፣ ጀርመኖቹ ተባረሩ። አገሪቱን አንድ ወጥ ያደረጋት ጦርነት ነው። ዛልማር ጦርነት አሳልፋ እንደሆነ፣ ድንበሯ ተነክቶ እንደሆነ ጥያቄዎ ላይ አልነገሩንም፤ ከሃይማኖት ፖሊሲው በፊት እሱን ይወስኑ።

ሁለተኛው ግን እውነትም የእምነት ጉዳይ ነው። በክራኮቭ ዳር በ1949 የተቆረቆረችው ኖቫ ሁታ የብረት ፋብሪካ ሠራተኞች ከተማ ነበረች፤ ሆን ተብሎ ያለ ቤተ ክርስቲያን የተነደፈች። ሠራተኞቹ ከገጠር የመጡ ነበሩና ቤተ ክርስቲያን ጠየቁ። ኋላ ቦታ ተፈቀደላቸውና እዚያ ላይ መስቀል ተተከለ። በኤፕሪል 1960 ባለሥልጣናቱ እዚህ ትምህርት ቤት ነው የሚሠራው ብለው መስቀሉን ሊነቅሉ ሠራተኛ ላኩ። መጀመሪያ የደረሱት ሴቶቹ ናቸው፤ አካባቢው የነበሩ ሴቶች ሠራተኞቹን አባረሯቸው፣ ከዚያ ፋብሪካው ወጣ፣ ፖሊስ መጣ፣ ጎዳናው የድንጋይና የጭስ ሆነ። መስቀሉ አልተነቀለም። ቤተ ክርስቲያኑ በ1977 ተሠርቶ ሲያልቅ የባረኩት የክራኮቭ ሊቀ ጳጳስ ካሮል ቮይቲዋ ነበሩ፤ በዓመቱ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ተብለው ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሆኑ። ለፖላንዳዊው ካቶሊክነት ሩሲያዊም ጀርመናዊም አለመሆኑን የሚናገርበት ነው። ለቼኮች ደግሞ ካቶሊክነት ከኦስትሪያ ይገዟቸው የነበሩትን የሃብስበርግ ነገሥታት የሚያስታውስ ነበርና ሲወሰድባቸው ብዙም አልተሟገቱለትም።

እንግዲህ የዛልማር ካቶሊኮች አነስተኛ ቁጥር ያላቸው፣ በተራራ ላይ የሚኖሩ፣ ከብዙኃኑ የተለዩ ሕዝቦች ሆነው ሳለ እርስዎ አጠፏቸው። ከሁሉ ቀድሞ የሚጠፋው የንጉሡ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ መሬቷና ደመወዟ ከመንግሥት ነበረና። የማይጠፉት እነዚህ የተራራዎቹ ናቸው። አልባኒያን ይዩ። የአገሪቱ ኮሚኒስት መሪ ኤንቨር ሆጃ በ1967 ከ2,000 የሚበልጡ መስጊዶች፣ አብያተ ክርስቲያናትና የበክታሺ (የሱፊ ሙስሊሞች) ተክያዎች ዘጋ፤ የ1976ቱ ሕገ መንግሥትም ማንኛውንም የሃይማኖት ድርጅት ከለከለ። አንድ አዛውንት ካቶሊክ ቄስ ሕፃን በማጥመቃቸው ተረሽነዋል። ከዚህ የከፋ የለም። ኖቬምበር 4 ቀን 1990፣ ፓርቲው ገና ሥልጣን ላይ እያለ፣ 26 ዓመት ታስረው የወጡት ካቶሊካዊው ቄስ ዶም ሲሞን ዩባኒ በሰሜናዊቷ ሽኮድራ መቃብር ቦታ ላይ በይፋ ቀደሱ፤ ብዙ ሺህ ሰው ተገኘ። ከጦርነቱ በፊት ካቶሊኮች 10 ከመቶ ገደማ ነበሩ። በ2011 ቆጠራ 10 ከመቶ ሆነው ተገኙ። ኦርቶዶክሶቹ ናቸው ከ20 ወደ 7 የወረዱት፤ ቤተ ክርስቲያኒቱ ቁጥሩን አልተቀበለችውም፣ ወደ ግሪክ የተሰደደውም ብዙ ነው። እምነት የለሽ ነኝ ያለው ከ3 ከመቶ በታች ነበር።

ከአኃዞችዎ ውስጥ የጎደለ ደግሞ አለ፤ አብዮቱ ሲመጣ ያልነበሩ ሰዎች። በደርግ ዘመን ቀበሌው እሑድ ጠዋት፣ ቅዳሴ ሰዓት ላይ፣ ስብሰባ ይጠራ ነበር። ያ ሁሉ ሆኖ በግንቦት 1976 ዓ.ም. በተካሄደው የመጀመሪያው ቆጠራ ኦርቶዶክሱ 54፣ ሙስሊሙ 33፣ ፕሮቴስታንቱ 5.5 ከመቶ ነበር። ደርግ ከወደቀ በኋላ በጥቅምት 1987 ዓ.ም. ሲቆጠር ሙስሊሙ እዚያው ነው፣ ኦርቶዶክሱ 50.6 ሆነ፣ ፕሮቴስታንቱ 10.2 ከመቶ ደረሰ። በዚያ አሥር ዓመት ውስጥ እጥፍ ገደማ ሆነ ማለት ነው፤ አብዛኛው ጊዜ ደግሞ የስደት ጊዜ ነበር። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1971 ዓ.ም. ታፍነው ተወስደው ተገደሉ፤ ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ቴዎፍሎስም በዚያው ዓመት። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. ስትዘጋ 5,000 ገደማ አባላት ነበሯት፤ ከዚያ በየቤቱ በትንንሽ ቡድን ተበትና ኖራ ደርግ ሲወድቅ ከ30,000 በላይ ሆና ብቅ አለች። የቻይና ፓርቲም በ1982 ባወጣው የራሱ ሰነድ ፕሮቴስታንቶች በ1949 ከነበሩበት 700,000 ወደ 3 ሚሊዮን መድረሳቸውን ጽፏል። ሕንፃ የማያስፈልገው፣ ጳጳስ የማያስፈልገው፣ በስምንት ሰው ሳሎን ውስጥ የሚጸለይበት እምነት ለዚህ ዓይነት ዘመን ይመቻል። ዛልማር ውስጥ 2 ከመቶ ፕሮቴስታንት ያስገቡ፤ ከተማ ውስጥ፣ ወጣቶች፣ አብዛኞቹም የኦርቶዶክስ ልጆች።

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር። በ35ኛው ዓመት፣ ስም ሳይያዝ ቢጠየቅ፣ ኦርቶዶክስ ነኝ የሚል 20 ከመቶ፣ ሙስሊም 24፣ ካቶሊክ 11፣ ፕሮቴስታንት 2፣ ሃይማኖት የለኝም የሚል 43። የኋለኞቹ አብዛኞቹ በዋና ከተማውና በፋብሪካ ከተሞች ያሉ ከኦርቶዶክስ ቤት የወጡ ናቸው፤ ደቡብ ላይ «የለኝም» የሚለው የፓርቲ ደብተር ያለው ብቻ ነው። ከኦርቶዶክሶቹ መካከል ከሦስቱ ሁለቱ ሴቶች ይሁኑ፣ ዕድሜያቸውም የገፋ። ግን ይጠንቀቁ፦ የሶቪየት ባለሥልጣናት ቤተ ክርስቲያን የሚመጡት አሮጊቶች ብቻ ናቸው፣ እነሱ ሲሞቱ ያበቃል እያሉ ሃምሳ ዓመት ጠበቁ፤ አሮጊቶቹ ግን አላለቁም፣ በ1930ዎቹ የወጣቶች ማኅበር አባል የነበረችው ልጅ በ1970ዎቹ ሻሽ አስራ መጣች። ወላጅ ሳያውቅ (ወይም ያላወቀ መስሎ) የልጅ ልጇን የምታስጠምቀውም እሷው ናት።

መጽሐፍዎ ከውድቀቱ በኋላ የሚቀጥል ከሆነ ኦርቶዶክስ ነኝ ባዩን ከ20 ወደ 45 ያውጡት፤ ቅዳሴውን ግን አይሙሉት። በሩሲያ በ1991 ኦርቶዶክስ ነኝ ያለው 31 ከመቶ ነበር፣ በ2008 ወደ 72 ከመቶ ወጣ፤ በወር አንድ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ግን ከ2 ወደ 7 ብቻ ነው ያደገው።

ዋናው ገጸ ባሕርይዎ የስታቲስቲክስ ሠራተኛ ነው ብለዋል። ከቆጠራ ቢሮ ያውጡትና የሃይማኖት ጉዳዮችን የሚከታተለው መሥሪያ ቤት የአውራጃ ተጠሪ ያድርጉት። በሶቪየት እነዚህ ተጠሪዎች ናቸው እውነተኛውን አኃዝ የያዙት፦ በዓመት ስንት ሕፃን ተጠመቀ፣ ስንት ሰው በቄስ ተቀበረ፣ ደብሩ ስንት ገቢ አስገባ። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ልጅ የሚያስጠምቅ ወላጅ መታወቂያው እንዲመዘገብ ይደረግ ነበር፤ ወሬው ወደ መሥሪያ ቤቱ ይደርሳል። ስለዚህ ሰው ዘመድ ጋ ሊጠይቅ የሄደ መስሎ ሌላ አውራጃ ሄዶ ያስጠምቃል፣ ቄሱም አንዳንዱን ሳይመዘግብ ያልፈዋል። ተጠሪው ይህን ያውቃል፤ የገንዘቡ ሒሳብና የጥምቀቱ ቁጥር እንደማይገናኙ ያያል። ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ቢልክ ሥራህን አልሠራህም ይባላል፤ ዝቅ አድርጎ ቢልክ ደግሞ የበላዮቹ ታዲያ አንተ ለምን ታስፈልጋለህ ብለው ቦታውን ያጠፉበታል። ስለዚህ በየዓመቱ ካለፈው ዓመት በትንሹ ዝቅ ያለ ቁጥር ይልካል።